በማን ስም ልያዘው?

ማርች 9

ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ የማኅበሩን ረጅም የእህል ጎተራ እስከ አንገቱ ዋጠው። ከቢሮዬ መስኮት የታየኝ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ምንም ሳይይዘው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ። ግራጫዎቹ ወፎች ከደቡብ ገብተዋል። አይታዩም፤ ድምፃቸው ግን ዘይት ያጣ በር ሁሉ በአንድ ጊዜ የተከፈተ ይመስላል። ቨንስል ሁልጊዜ «መጡ ጩኸታሞቹ» ይላል።

ጆሊን ከሚዛን ቤት እየሮጠች መጣች።

«ሊብዬ፣ ሚዛኑ አብዷል! መኪና ሳይወጣበት ክብደት ይቆጥራል።»

«ስንት ቆጠረ?»

«የአንድ ሰው ያህል።»

«ነፋስ ነው» አልኳት። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሆልምበርግ መጣ። የእህል ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ከትልቁ ማኅበር ጋር ከተዋሃደ ወዲህ ከዋናው ቢሮ የተላከልን አለቃ ነው፤ ገና ልጅ ነው፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ። እጁ ላይ ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ይዟል። በየዓመቱ ለአባሎቻችን የከፈልነውን የትርፍ ክፍፍል በእያንዳንዱ ሰው ስምና የግብር ቁጥር ለመንግሥት እናሳውቃለን። ቅጹን በኮምፒውተር አዘጋጅቼ የምልከው እኔ ነኝ። ዘንድሮ አስራ አንድ ሰዎች ላይ ስምና ቁጥር አልገጠመም ይላል ደብዳቤው።

«ሊቢ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«አባሎቻችን።»

«ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ። የት አገኛቸዋለሁ?»

«መቃብር ቦታው።»

ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ስሙ ከሚዛን ቤት አይነሳም። ልጁ በቆሎ ጭኖ ሲመጣ ጆሊን በመስኮቷ ብቅ ብላ «በማን ስም ልያዘው?» ትለዋለች። «በአባባ» ይላል። ደረሰኙ በአባባ ስም ይወጣል፣ አባባ ከሞቱ አምስት ዓመት ይሁን አስር። «አባቴን ሰርዙልኝ» ብሎ የሚመጣ የለም፤ እኛም አንጠይቅም፤ ነውር ነው። ይኼ ለሆልምበርግ የት ይገባዋል!

ዝርዝሩ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ነው። እኛ ዛቫዲሎች እንደ ትምህርት ቤቱ ዘመን አሁንም መጨረሻ ነን። አስራ አንደኛ፦ ዛቫዲል፣ ቨንስል። ወንድሜ።

ማርች 12

የማረሚያውን መመሪያ አነበብኩ። ድሮም አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን አንብቤው አላውቅም።

በተሳሳተ ስም የሄደ ቅጽ አይጠፋም። ለማረም ሁለት ነገር ይላካል። መጀመሪያ ስህተቱ ራሱ፣ ልክ እንደሄደው፤ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ አድራሻው ሳይነካ፣ ገንዘቡ ብቻ ዜሮ ሆኖ። ከዚያ ትክክለኛው ሰው እንደ አዲስ ይጻፋል። አንዱ መዝገብ ከተበላሸ ፋይሉ በሙሉ ተመላሽ ነው።

ሰውየውን እንደነበረ ጽፈሽ፣ ቤቱን ሳትረሺ፣ አጠገቡ ዜሮ። ይኼን ሕግ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ነገር እለው ነበር።

ከላይ ጀመርኩ። ባርቶስ፣ አሎይስ፤ ዜሮ። በዚያ በክፉው ክረምት መኪናዬን ከበረዶ ጎትቶ ያወጣልኝ። ዱቻቼክ፣ ሩዲ፤ ዜሮ። በየሰርጉ አኮርዲዮን ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ሙሽራዋን ላለማየት ነው እያሉ ያሙት ነበር። እያንዳንዱ ላይ እየቆምኩ ፈገግ ስል ሆልምበርግ በመስታወቱ አየኝ። አበደች ብሎ ይሆናል።

ማርች 15

ከቅዳሴ በኋላ አርዲትን ልጠይቅ ሄድኩ፤ ኮላች የምንለውን ፍሬ የሚሞላ ጣፋጭ ዳቦ በወረቀት ጠቅልዬ። መሃሉ ላይ ፕለም ያለበትን ይወዳሉ፣ ዳቦውን ትተው ፕለሙን ይበላሉ።

አርዲት ፖስፒሺል የዕድሜ ልክ ጎረቤታችን ናቸው። እናታችን ታማ በተኛችበት ዘመን እኔንና ቨንስልን ያጠቡ፣ ያበጠሩ፣ የገረፉም እሳቸው ናቸው። ባላቸው ሊዮናርድ ካረፉ ወዲህ ከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። መስኮታቸው ወደ ወንዙ ነው። ወፎቹ ሲነሱ ክፍሉ ውስጥ ጥላቸው ያልፋል፣ አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ የአርዲት እጅ ላይ።

«ቨንስል እንዴት ነው?» አሉኝ።

ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ነርሶቹ ቀኑ ይምታታባቸዋል ይላሉ።

«ደህና ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ማረሻውን ይጠጋግናል፣ ዝናቡ እስኪያባራ።»

«ጃኬቱን ይልበስ በይው። ልብስ አይወድም እሱ።»

«እሺ፣ እለዋለሁ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴን ሰደብኩ። አሮጊት መዋሸት! አንቺ ሊቢ፣ ምን አለ ትንሽ እንኳ ብታፍሪ? ግን እኮ ለጥቂት ጊዜ ማረሻው ጋ ነበር። ጀርባውን አየሁት።

ማርች 20

ዱዌን መጣ። የአርዲት ልጅ፣ አብረን የተማርን። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ደብዳቤ ከውስጡ አወጣ።

«ሊቢ፣ እማዬ ሀብታም ሆናልሻለች።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንብቢው።»

የመጦሪያውን ወጪ የሚሸፍንላቸው የድጎማ ቢሮ የጻፈው ነው። ገቢያቸው በዝቷል፣ ድጎማው ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ይቆማል። ያለ ድጎማ እዚህ መኖር የማይታሰብ ነው። ዱዌን ሩቅ ከተማ ውስጥ አንድ ርካሽ ቦታ አግኝቷል፤ አራት ሆነው በአንድ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ።

«ቤቴ አስቀምጫት ሞክሬያለሁ» አለ። «ሌሊት ተነስታ ላም ልታልብ ወጣች፣ በዚያ በረዶ። ላሞቹን ከሸጥናቸው ስንት ዘመናችን!»

የትኛው ገቢ እንደሆነ ሳልጠይቀው ገባኝ። ሊዮናርድ ሲሞቱ ስማቸውን ላለመሰረዝ ብዬ፣ ቁጥሩ ላይ ብቻ የአርዲትን አስገባሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። በቆሎው የዱዌን ነው፣ ደረሰኙ የሊዮናርድ፣ ቁጥሩ የአርዲት። መንግሥት የሚያየው ቁጥሩን ነው። በደግነቴ አሮጊቷን ከአልጋቸው ላስነሳቸው!

«አስተካክለዋለሁ» አልኩት። «ማረሚያው ተቀባይነት ሲያገኝ ለድጎማ ቢሮው ታሳያለህ።»

«የእማዬን ብቻ ለይተሽ ብትልኪው አይፈጥንም?»

«የዋናው ቢሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም ዝርዝሩ ካልሞላ አይዘጋም። አስራ አንዱም አብረው ነው የሚሄዱት።»

«አስራ አንዱም» አለ። አየኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ።

ማርች 27

ላክሁት። እሰይ።

ቨንስል በቤታችን ጎተራ ውስጥ የተወውን በቆሎ አይጥ ሳይጨርሰው መሸጥ አለብኝ። በኋላ።

ኤፕሪል 3

ተመለሰ። «ውድቅ» ይላል፣ በቀይ።

ጥፋቱ የሊዮናርድ መዝገብ ላይ ነው። ዜሮውን ስጽፍ አድራሻውን ወደ መጦሪያው ቀይሬዋለሁ፣ አርዲት አሁን የሚኖሩት እዚያ ነው ብዬ። አይቻልም። ስህተቱን መልሰሽ ስትልኪ ምንም አታሻሽዪበትም፤ እንደነበረ።

ጆሊን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ስትሳሳቺም አሳምረሽ ነው እንዴ የምትሳሳቺው!»

ማሽኑ የመጀመሪያውን ጥፋት ሲያገኝ ያቆማል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ከዚያ በታች ደግሞ ምንም የለም።

ኤፕሪል 8

አድራሻውን ወደ ድሮው መለስኩ። ላክሁ። ወፎቹ ዛሬ ጠዋት ተነስተው ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ሰማዩ ለረጅም ጊዜ እነሱን ያስብ ነበር።

ኤፕሪል 14

እንደገና ተመለሰ። ሆልምበርግ ኮምፒውተሬ ላይ አጎንብሶ ጮክ ብሎ አነበበው።

«አስራ አንደኛው መዝገብ። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው ገንዘብ ዜሮ አይደለም።»

«ጣቴ ስቶ ነው።»

«አስራ አንደኛው ማነው?»

«አባል ነው።»

ስሙን አየ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የእኔን የስም ሰሌዳ አየ። ቀስ ብሎ ወጣ፣ በሩንም እንደ ሆስፒታል በር ዘጋው። ይኼ ልጅ ዝም ማለት እየተማረ ነው።

ጣቴ ነው የሳተው። ሌላ ምን ይሆናል?

ኤፕሪል 19፣ ሌሊት

ህልም አየሁ። መኸር ነው፣ ሚዛን ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጆሊን የለችም። ውጭ ያለው ብርሃን የበቆሎ ገለባ ቀለም ነው። ሚዛኑ ላይ ቨንስል ቆሟል፣ በእግሩ፣ ጫማው እርጥብ፣ ጃኬት የለውም። ከኋላው ሌሎቹ እንደ መኪና ተሰልፈዋል። አሎይስ ባርቶስ፣ ሩዲ አኮርዲዮኑን አንግቶ፣ ሊዮናርድ። ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የሚቸኩል የለም።

በመስኮቱ ብቅ ብዬ «በማን ስም ልያዘው?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ሊብ፣ እኔ ምንም አልጫንኩም እኮ።»

«የሚዛኑ ቁጥር ይታየኛል» አልኩት። «የአንድ ሰው ያህል።»

«እሱ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ነቃሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ወደ ታች ወርጄ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ጃኬቱ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ኪሱ ውስጥ አሁንም ሦስት የበቆሎ ፍሬና የእርሳስ ቁራጭ አለ፤ አንዳንዴ እጄን እከታለሁ።

ካቻምና በመኸር፣ የመጨረሻው እርሻ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ፒካፑ ጀርባ ላይ አረፍ እንዳለ በዚያው ቀረ። ምሳ ይዤለት ስሄድ የተኛ መስሎኝ ነበር። እንዳይረበሽ ብዬ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ይኼን እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም። ጻፍኩት እንግዲህ። ሁለታችንም አላገባንም፤ በአንድ ጣራ ሥር አረጀን፣ በጨው ማነስ ብቻ እየተጣላን። የዚያ ቤት ሰው እሱ ነበር።

ካረፈ ወዲህ የሸጥኩትን በቆሎ ሁሉ በእሱ ስም ነው ያስያዝኩት። ጆሊን ትጠይቀኛለች፣ «በቨንስል» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስሙን የምጠራበት ሌላ ምክንያት የለኝም እኮ።

ኤፕሪል 24

ላክሁ። ችኮላ። የዘር ሰሞን ነው፣ ማዳበሪያ ጫኞች በሩ ላይ ተሰልፈዋል፣ ስልኩ አያርፍም። ሁሉንም ዜሮ አድርጌያለሁ። ያደረግሁ ይመስለኛል።

ሜይ 1

ውድቅ። አስራ አንደኛው።

ግብር መሥሪያ ቤቱ የእርዳታ ስልክ ላይ ደወልኩ። ሙዚቃ፣ ሙዚቃ፣ ሙዚቃ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፤ ረጋ ያለ ድምፅ፣ ከኋላዋ ዝናብ ይሰማል።

«እመቤቴ፣ አስራ አንደኛው ላይ ገንዘቡ እንዳለ ነው ያለው።»

«ፕሮግራሙ ነው የሚመልሰው።»

«ሌሎቹ ላይ አልመለሰም።»

«እዚያ ዝናብ ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ። ቢሮው ውስጥ ባልዲ አስቀምጠናል። እመቤቴ፣ ሰውየው ዘመድዎ ናቸው?»

«ደንበኛ ነው።»

«እሺ። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም፤ ሲመቸዎት ይደውሉ። ካትሪስ ብለው ይጠይቁ።»

ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ምን በደለችኝ? ባለጌ ነኝ።

ሜይ 6

ሚዛን ቤቱ ጀርባ ዘር ጆንያ እየቆጠርኩ ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ሁሉን ያሰማል። ጆሊንና ዱዌን ናቸው።

«አስራ አንደኛው ማን እንደሆነ አታውቅም?» አለች ጆሊን።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ? እናትህ ናት እኮ!»

«እሱም ወንድሟ ነው፤ ምን ልበላት? አንቺስ ዜሮ ጻፊበት ትዪያታለሽ?»

ጆሊን «አልላትም» አለች።

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ጆንያውን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ትቼው ገባሁ።

ሜይ 13

ሆልምበርግ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተቀምጦ አናግሮኝ አያውቅም።

«ሊቢ፣ እኔ ልሙላው። አንቺ አትንኪው፣ አትይው። ምሳሽን በልተሽ ስትመለሺ አልቆ ታገኚዋለሽ።»

«የወንድሜን ስም አንተ አትነካውም!»

ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። ልጁ ፊቱ ቀላ።

«አልነካም» አለ። «ግን የወይዘሮ ፖስፒሺል ነገር...»

«አውቃለሁ የወይዘሮ ፖስፒሺልን ነገር! አንተ ሳትወለድ ነው የማውቃቸው።»

ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር። ስወጣ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ጃኬቱን ረስቶ ሄዷል፣ ወንበሩ ላይ። ለብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ሜይ 17

አርዲት ጋ ነበርኩ። ይኼን ሳልጽፍ አልተኛም።

ዱዌን ካርቶኖች አምጥቷል። ፎቶዎቹ ወርደዋል፤ ግድግዳው ላይ ነጣ ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች ቀርተዋል። ከሰዓት ፀሐይ ክፍሉን ሞልቶታል፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጎተራው አቧራ ይንሳፈፋል፣ አርዲት መሃሉ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«የምትወስዱኝ ቦታ መስኮት አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«ወንዙ ይታያል?»

ወደ ካርቶኖቹ ዞርኩ። ወደ ውጭ አዩ፣ የሚጠግቡ አልመሰሉም።

«ቨንስል እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ። ከልማዴ ነው፣ አፌ ራሱ ነው ያለው።

እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ጠንካራ ነው ግን፣ ያ የጥንቱ የሚገርፈው እጅ።

«ሊቢ። ለቀብሩ ኮላች የጋገርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያውቃሉ?»

«ቀን ነው የሚጠፋብኝ። ቨንስል እንዴት ይጠፋብኛል?»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ?»

«ደህና ነው ስትዪ ፊትሽ ይፈታል። ሌላ የምሰጥሽ ነገር የለኝም፣ ልጄ።» ካርቶኖቹን አዩ። «እዚያ ከወሰዱኝ በኋላ ማን ይጠይቅሻል? እሱ ነው የሚያሳስበኝ።»

እሳቸው የሚያስቡት ለእኔ ነው! ከአልጋቸው የማስነሳቸው እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በየሳምንቱ፣ ጣቴ ሳተ እያልኩ። ጣቴ አልሳተም። አንድ ቀንም አልሳተም። ስሙ አጠገብ ዜሮ መጻፍ እምቢ አለኝ፣ አልጻፍኩም፣ እያወቅሁ ላክሁት። ጭናቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ። ፀጉሬን ሲዳብሱ ቆዩና «በይ ተነሽ፣ ቀሚሴን አበላሸሽው» አሉኝ።

ሜይ 18

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ካትሪስን ብዬ ጠየቅሁ።

«አስራ አንደኛው ወንድሜ ነው» አልኳት።

«ገምቼ ነበር» አለች። «ሲጽፉ ልጠብቅዎት?»

«ሥራ አያስፈታሽም?»

«ሥራዬ እሱ ነው።»

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ከፈትኩት። ዛቫዲል፣ ቨንስል። ቁጥሩ። ቤታችን፣ መንገዱ፣ ሁሉም እንደነበረ። ዛሬ ዝናብ አይሰማም ነበር ከኋላዋ፤ ሰዎች ይስቃሉ፣ ወንበር ይንኮሻኮሻል። የገንዘቡ ሣጥን ውስጥ ያለውን አጠፋሁ፣ ዜሮ ጻፍኩ።

ምንም አልሆነም። ስሙ እዚያው ነው። ከዜሮው አጠገብ ሆኖ ያየኛል፣ ተቀይሞኝ አይደለም። ሲሰረዝ የማየው መስሎኝ ነበር ይኼን ሁሉ ጊዜ፤ አልተሰረዘም፣ ጭነቱ ብቻ ነው የወረደው።

«ጻፉት?» አለች።

«ጻፍኩት።»

«እሺ። አሁን ትክክለኛውን ሰው ያስገቡ።»

ዛቫዲል፣ ሊቡሼ። የክርስትና ስሜን ከጻፍኩት ቆይቻለሁ፤ የሌላ ሰው መሰለኝ። ላክሁት። ካትሪስ በርቱ አለችኝና ዘጋች። ሆልምበርግ ሲገባ ጃኬቱን አቀበልኩት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። «ምሳ እኔ ልጋብዝሽ» አለኝ፣ ወጣቱ ደንግጦ።

ሜይ 26

ተቀባይነት አግኝቷል።

ጆሊን የግቢውን ድምፅ ማጉያ ከፍታ «ሊቢ ዛቫዲል ፈተናውን አለፈች!» ብላ ለፈፈች። መኪና ሁሉ ጥሩምባ ነፋ። አገር ጉድ አለ። ዱዌን ወረቀቱን ይዞ ወደ ድጎማ ቢሮው ሲበር ባርኔጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ረሳው።

ሜይ 31

ድጎማው ቀጥሏል፤ አርዲት አልጋቸው ላይ ናቸው። ዱዌን ፎቶዎቹን መልሶ ሲሰቅል ሊዮናርድን ያለ ቦታቸው ሰቀላቸው፣ አርዲት ተቆጡ፣ እንደገና አወረደ። እኔ ካርቶኖቹን አጠፍኩ።

ስለ ቨንስል አልጠየቁኝም።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» አሉኝ።

ይኼን መመለስ ተለማምጄ አላውቅም እኮ። «እስቲ አስቤ ልንገርዎት» አልኳቸው። «አልቸኩልም» አሉኝ።

ጁን 11

ዛሬ የቤታችንን ጎተራ ከፈትኩ። በቆሎው ከዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ብርሃን የያዘ ይመስል ነበር። በቨንስል መኪና ጫንኩት፣ ጃኬቱን ለብሼ፣ በዚህ ሙቀት። እጅጌው ረዝሞብኛል።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ከኋላዬ ሦስት መኪናዎች ነበሩ፣ ዱዌንም አለበት። ጆሊን በመስኮቷ ብቅ አለች፣ እንደ ሁልጊዜው አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ነው።

«በማን ስም ልያዘው?»

«በቨን...» አልኩና ቆምኩ። ከኋላ ማንም ጥሩምባ አልነፋም። አንዱ እንዲያውም ሞተሩን አጠፋ።

«በሊቢ» አልኩ።

«ሊቢ ማን?» አለች፤ ተንኮለኛ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ሊቢ ዛቫዲል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ፈልጊ፣ ታገኚያታለሽ።»

ደረሰኙን ሰጠችኝ። አጥፌ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከፍሬዎቹ ጋር ከተትኩት፣ መኪናውንም ከሚዛኑ አወረድኩ።